ክላሲክ መኪና ይዞ መኖር በእውነት ስንት ያስወጣል? የ7 ዓመት ደብተሬን ልክፈትላችሁ

ባለደብተሩ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ቤት በየጊዜው የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «ክላሲክ መኪና መያዝ ያዋጣል ወይ?» የሚል። አንዱ «ኪስ ማራቆት ብቻ ነው» ይላል። ሌላው «እንደ ወርቅ ነው፣ ዋጋው ይጨምራል» ይላል። ሁለቱም ቁጥር ይዘው አይመጡም። እኔ መኪናዬን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ እያንዳንዷን ወጪ በደብተር ስጽፍ ኖሬያለሁ። የካንዴላ ዋጋ እንኳ አልቀረም። ሰሞኑን ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ያገኘሁት ነገር እኔንም ስለገረመኝ ላካፍላችሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1970 ቮልስ ናት፣ ባለ 1300 ሞተር። ገንዘቡ በየአገሩ ስለሚለያይ የገዛሁበትን ዋጋ 100 እንበለው። ሌላውን ሁሉ ከዚያ አንጻር እነግራችኋለሁ። ነዳጅ አላስገባሁም፤ ነዳጅ የትኛውም መኪና ይጠጣል።

በመጀመሪያው ዓመት 71 አወጣሁ።

ስገዛት ቀለሟ ያብረቀርቅ ነበር። ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ትነሳለች። ልቤ ስለተሰረቀ የኋላ ወንበሩን አንስቼ አላየሁም። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ሥር ነው፣ በቀኝ በኩል። በሦስተኛው ሳምንት ባትሪ ልቀይር ብዬ ወንበሩን አነሳሁት። ከባትሪው ሥር ጥቁር የምንጣፍ ቁራጭ ተነጥፏል። ገለጥኩት። ላሜራው እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረካክሷል። በጣቴ ጫን አልኩት፤ ጣቴ አለፈ። ጎንበስ ብዬ ሳየው በቀዳዳው መሬቱ ይታያል። የባትሪ አሲድ ለዓመታት ሲንጠባጠብበት ኖሯል ማለት ነው። አንድ ሰው ደግሞ ይህን በዓይኑ አይቶ ምንጣፍ አልብሶታል።

ከዚያ ነገሩ ተያይዞ መጣ። የወለሉ ግማሽ ተቆርጦ ወጣ። ከበሮቹ ሥር ያለው፣ የሞተሩ ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚያልፍበት የላሜራ ሳጥን በስቱኮ ተሞልቶ ተገኘ። ያ ሳጥን የመኪናዋን ቦዲ ቀጥ አድርጎ ከሚይዙት አንዱ ነው። ብየዳ፣ ላሜራ፣ ቀለም። 71ዱ የሄደው እዚያ ነው። ያ የሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀባው ይህን ለመሸፈን ነበር።

ሁለተኛው ዓመት 38፣ ሞተሩ ተከፍቶ ታደሰ። ሦስተኛው ዓመት 6 ብቻ። ሥራ በዝቶብኝ ስምንት ወር ሸራ አልብሼ አቆምኳት። «ዘንድሮስ አረፍኩ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አራተኛው ዓመት ሲመጣ 27 አስከፈለችኝ። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቋል። የፍሬን ሲሊንደሮቹ ከሁለት ጎማ ላይ ተጣብቀዋል። ቤንዚን የሚያስተላልፉት ቀጫጭን ጎማዎች ተሰነጣጥቀዋል። ባትሪው ሞቷል። ጎማዎቹ በቆሙበት በኩል ጠፍጠፍ ብለው ቀርተዋል፤ ስነዳት ትንቀጠቀጣለች።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እነዳታለሁ። አምስተኛው ዓመት 10፣ ስድስተኛው 9፣ ሰባተኛው 11። ዘይቱም፣ ኢንሹራንሱም፣ ጎማውም እዚያው ውስጥ ነው።

ሲደመር 172 ይመጣል። ከመግዣው ጋር 272። ባለፈው ወር አንድ ሰው አይቷት 190 ልስጥህ አለኝ። ብሸጣት ኖሮ ሰባት ዓመቱ 82 አስወጣኝ ማለት ነው፣ በዓመት 12 ገደማ። ከዚህ ውጭ የራሴ እጅ ያረፈበት 340 ሰዓት አለ። እሱን በገንዘብ አልተመንኩትም።

እኔ ከደብተሩ ያየሁት ይህ ነው፤ መኪናዋን መንዳት አላከሰረኝም። ያከሰረኝ በግዢው ቀን ያላየሁትና ሳልነዳት ያለፈው ስምንት ወር ነው። የእናንተስ ደብተር ምን ይላል?

---

ናፍጣ_123

ባለደብተሩ እጅህ ይባረክ። እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ስፈልግ ነበር።

የእኔ መርሴዲስ 240 ዲ ናት፣ ደብልዩ 123 የሚባለው ቦዲ። 11 ዓመት አብራኝ ኖራለች። አንተ በዓመት 9 እና 10 ያልከው ለእኔም እዚያው አካባቢ ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሰው መኪና ሲመርጥ ስሙን ነው የሚያየው። እኔ ስንት ተመርቷል የሚለውን እይ እላለሁ። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 ባለው ጊዜ ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተመርቷል። ያንተ ቮልስ ደግሞ በ2003 ምርቱ ሲቆም ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ በብዛት የተሠራ መኪና መለዋወጫው አይጠፋም። ያገለገለውም አለ፣ አዲስ የሚያመርተውም አለ። በአንድ ሺህ ብቻ የተሠራ መኪና የበር እጀታው ሲሰበር አንድ ዓመት ትፈልጋለህ፤ ስታገኘውም ሻጩ የጠራውን ትከፍላለህ።

ከአዲስ መኪና ጋርም አስተያዩት። አዲስ መኪና ከሻጩ ግቢ በወጣበት ዓመት ከዋጋው ብዙ ይቀንሳል። ማንም ደብተር ላይ አይጽፈውም እንጂ እሱም ወጪ ነው። የእኔ መርሴዲስ መቀነሱን ከጨረሰች ቆይታለች።

የአሮጌ መኪና ብልሽት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገር። አንድ ማታ ቁልፉን አጠፋሁ፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ቁልፉን አወጣሁት። ዱግ ዱግ ዱግ ይላል አሁንም። ደነገጥኩ። ለካ ይህ የናፍጣ ሞተር የሚጠፋው በኤሌክትሪክ አይደለም፣ በቫኩም (በአየር መሳብ ኃይል) ነው። በሮቹን የሚቆልፈውም ያው ቫኩም ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩ ላይ ያለውን የማጥፊያ ዘንግ በእጄ ተጫንኩት፣ ጸጥ አለ። በማግስቱ ስፈልግ ቆይቼ ጥፋቱን የኋላ በር ውስጥ አገኘሁት። የአንድ ጣት ርዝመት ያላት የቫኩም ጎማ ተቀድዳ አየር ታስገባለች። ዋጋዋ ምንም አይደለም። ነገር ግን ይህን የማያውቅ ሰው ጋራዥ ቢገባ የናፍጣ ፓምፑ ወርዶ ነበር። እኔ ብዙ ገንዘብ ያዳነልኝ የሞዴሉን የጥገና መጽሐፍ ማንበቤ ነው።

---

አዲስ_ገቢ

ሰላም ወንድሞችና እህቶች። ለዚህ ነገር አዲስ ነኝ። ፔዦ 504 አንድ ሰው አሳይቶኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው መኪና ነው። ለሦስት ዓመት ቆሞ ነበር። ሻጩ «ምንም የለበትም፣ ካርቡራተሩን ማስጠረግ ብቻ ነው» ይላል። ዋጋው ጥሩ ነው። ሌላ መኪና ስለሌለኝ ሥራ የምመላለሰውም በእሱ ይሆናል። ባለደብተሩ የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ግን ፈራሁ። ምን ምን ልይ?

---

የጋራዥ_ሽማግሌ

ልጄ፣ ገንዘቡን ከመስጠትህ በፊት መጠየቅህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ አርባ ዓመት ከመኪና ሥር ተኝቼ ነው የኖርኩት። የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ስለ ሻጩ ቃል። ካርቡራተር ማስጠረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በግማሽ ቀን ሥራ መኪናው ተነስቶ የሚነዳ ቢሆን ኖሮ ሻጩ ራሱ አስጠርጎ በተሻለ ዋጋ ይሸጠው ነበር። ሰውየው ዋሽቷል ማለቴ አይደለም፤ አያውቅም ይሆናል። አንተ ግን ሦስት ዓመት እንደቆመ መኪና ቁጠረው።

ሲቆም ምን ይሆናል? የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ለዚህ ነው ተነዳም አልተነዳም በሁለት ዓመት መቀየር ያለበት። እርጥበቱ ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝጋቸዋል። ቤንዚን በወራት ውስጥ ይበላሻል። ሰልባቲዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ባዶውን ከቆመ ከውስጥ ይዝጋል፣ ዝገቱም በቧንቧው ሄዶ ካርቡራተሩን ይዘጋል። ካርቡራተሩን አስጠርገህ ሰልባቲዮውን ካላጠብክ በሳምንቱ ትመለሳለህ። ዘይት መከልከያ ጎማዎች ይደርቃሉ። ፍሪሲዮኑ ሊጣበቅ ይችላል። ይህ ሁሉ ይሠራል፣ አትፍራ። ዋጋው ውስጥ ግን አስገባው።

አሁን ዋናው። ሞተር ይገዛል፤ ቦዲ አይገዛም። ብዙ ሰው ኮፈን ከፍቶ ሞተር ሲያዳምጥ ይውላል። አንተ ወደ ታች እይ። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለህ ያዝ። በበሮቹ ሥር፣ በኋላ ጎማዎቹ ዙሪያ አስኪደው። ማግኔቱ ጥብቅ ካለ ላሜራ ነው። ከላላ ወይም ከወደቀ ስቱኮ ነው። በዚያ መኪና ላይ ደግሞ የፊት ሞላዎቹ ከላይ የሚያርፉበትን ቦታ፣ ኮፈኑ ሥር በሁለቱም በኩል፣ በደንብ እይ። እዚያ ከዛገ ተወው። ምንጣፉን አንሳ። ባለቤቱ «አታንሳ» ካለህ መልሱን አግኝተሃል።

ሞተሩን ስታይ መጀመሪያ በእጅህ ንካው። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሞቆ ከጠበቀህ አስቀድሞ አስነስቶታል፤ ጠዋት እንዴት እንደሚነሳ እንዳታይ ነው። የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበት ኃይል) መለኪያ ያለው ሰው ይዘህ ሂድ። የአራቱም ሲሊንደር ቁጥር መቀራረብ አለበት። የምሥራች ደግሞ አለህ። የ504 የቤንዚን ሞተር ሲሊንደሮቹ የሚወጡ ናቸው። ካለቁ ብሎኩን በማሽን ማስፋት ሳያስፈልግ አዲስ ሲሊንደር (ሸሚዝ የሚባለው) እና ፒስተን ይገባል። ፈረንሳዮቹ አስበውበት ነው የሠሩት።

የጎማውን ዕድሜም አንብብ። ጎኑ ላይ በመጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2314 ካለ እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጎማ አይደለም። ሲነዳ ሊፈነዳ ይችላል።

---

የአባቴ_124

ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን አትሜ ጋራዤ ውስጥ ብሰቅለው ደስ ይለኛል። 

እኔ ስለ «ዋጋ» ሌላ ነገር ላንሳ። የእኔ መኪና ፊያት 124 ናት። አባቴ ነው የተወልኝ። እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና የተባለችው ናት። መኪናዋን ስቀበል ሁሉም ሰው «ሽጪያት» አለኝ። የዕቃ መሳቢያውን ስከፍት ግን የአባቴን ትንሽ ማስታወሻ አገኘሁ። ዘይት የቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር በእርሳስ ተጽፎበታል። ከሃያ ዓመት በላይ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሉ ተዛብቷል። ከእሷ ሥር እኔ ቀጠልኩ። በሚቀጥለው ዘይት ቅየራ በእኔ እጅ ጻፍኩ።

ስለዚህ ለእኔ የሚከፈለኝ ቁጥር የለም። ቢሆንም ቁጥር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ቁጥር ባለመያዜ ተጎድቻለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ቆማ ሳለች አንድ መኪና ከኋላ ገጫት። ኢንሹራንስ ነበረኝ። ግን ውሉ ልክ እንደ ማንኛውም አሮጌ መኪና «በጊዜው የገበያ ዋጋ» የሚል ነበር። ኩባንያው ሠንጠረዥ አወጣ፤ የዚህን ያህል ዓመት ያገለገለ መኪና ዋጋው ይህ ነው አለኝ። ያሉኝ ገንዘብ የኋላ ላሜራውን እንኳ አያሠራም። ተከራከርኩ። «የመኪናዋን ሁኔታ የሚያሳይ ምን ማስረጃ አለሽ?» አሉኝ። አንድ ፎቶ አልነበረኝም። የጥገና ደረሰኝ አልያዝኩም። ከራሴ ኪስ ከፈልኩ።

አሁን ያለኝ ውል ዋጋው አስቀድሞ በስምምነት የተጻፈበት ነው። ባለሙያ መጥቶ ገመታት። ፎቶ በየዓመቱ አነሳለሁ፣ ከሥርም ከውስጥም። እባካችሁ፣ ክላሲክ መኪና ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። «የገበያ ዋጋ» ከሚል ቃል ጋር ብቻችሁን እንዳትቀሩ።

አዲስ_ገቢ ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ በየቀኑ ልትነዳው ነውና አንድ ልለምንህ። ባለ ሦስት ነጥብ የደህንነት ቀበቶ ከቮልቮ የወጣው በ1959 ነው፤ ብዙ አሮጌ መኪኖች ግን ከኋላ ምንም ቀበቶ ሳይኖራቸው ነው የተሠሩት። እኔ ልጆቼን ከመጫኔ በፊት የኋላውን አስገጠምኩ። ማሰሪያው የሚገባበትን ቦታ የሚያጠናክር ላሜራ ተበይዷል እንጂ በብሎን ብቻ አልታሰረም። ይህን ከመለዋወጫ በፊት አስበው።

---

ባለደብተሩ

እህቴ፣ የአባትሽን ማስታወሻ ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከእሱ ሥር መቀጠልሽ ልብ ይነካል።

ፍሬን ላይ እኔም ልጨምር። በጣም አሮጌ የሆኑት መኪኖች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። በኋላ የመጡት ሁለት የተለያዩ መስመሮች አሏቸው። መኪና ስትገዙ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውንና ዋናውን ሲሊንደር አይታችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

---

ገበያ_ተመልካች

ሁላችሁም ስለ ወጪ ብቻ ነው የምታወሩት። ትርፉስ? እ.ኤ.አ. በ2022 የ1955 መርሴዲስ 300 ኤስ ኤል አር «ኡሌንሃውት ኩፔ» በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጧል። በ2018 አንድ ፌራሪ 250 ጂቲኦ በጨረታ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ጊዜ ያለው ሰው ትክክለኛውን መኪና ገዝቶ ቢያስቀምጥ አያተርፍም?

---

ናፍጣ_123

ወንድሜ፣ ያ መርሴዲስ በዓለም ላይ ያለው ሁለት ብቻ ነው። ፌራሪው ደግሞ 36 ነው የተሠራው። እነሱ እንደ ሥዕል የሚታዩ ነገሮች ናቸው። ከእኛ ገበያ ጋር አይገናኙም።

የእኛ መኪኖች ሲጨምሩም የሚጨምሩት በቀስታ ነው፤ ጥገናው፣ መጠለያው፣ ኢንሹራንሱ በመሃል ይበላዋል። አስቀምጦ ማትረፍ የሚለው ደግሞ ከላይ ባለደብተሩ በስምንት ወር ያየው ነው። አሥር ዓመት ብታስቀምጠው ዋጋው ከፍ ያለ፣ መነሳት የማይችል መኪና ይኖርሃል።

ሌላም አለ። ሰው የሚገዛው በልጅነቱ ያየውን ነው። ያን መኪና በልጅነቱ ያየ ትውልድ ሲያረጅ ፈላጊው ይቀንሳል። ዛሬ ተፈላጊ የሆነው ከሃያ ዓመት በኋላ ማን ይፈልገዋል ብሎ መወራረድ ነው። እኔ በገንዘቤ አልወራረድም። መኪናውን የሚወድ ይግዛው፣ ዋጋው ከጨመረ ምርቃት ነው።

---

የጋራዥ_ሽማግሌ

ናፍጣ ያለው ልክ ነው። ገበያ የተባልከው ልጄ፣ አንተም አልተሳሳትክም፤ ዋጋ የሚጨምርና የሚቀንስ ነገር አለ፣ እሱን ልንገርህ።

ሙሉ እድሳት ብዙውን ጊዜ ያወጣኸውን አይመልስም። አንድን መኪና እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታትቶ፣ ቦዲውን አውርዶ፣ መልሶ መግጠም 1000 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሥራ ነው። ያንን ሰዓት በጋራዥ ሒሳብ ብታባዛው ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ «ሌላ ሰው ያሳደሰውን ግዛ፣ ራስህ አታሳድስ» የምለው፣ ገንዘቡን ለሚያስብ ሰው። ያሳደሰው ሰው ወጪውን ተሸክሞልሃል።

ዋጋ የሚጠብቀው ነካ ነካ ያልተደረገ መኪና ነው። የሞተር ቁጥሩና የሻንሲ ቁጥሩ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚገጥም፣ ቀለሙ ቢደበዝዝም የራሱ የሆነ። ሰዎች መጀመሪያ የተሠራበትን ወንበር አውጥተው ይጥላሉ። አትጣሉ! በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ የአሮጌውን መሪ ከቆሻሻ ክምር ውስጥ ስፈልግለት ግማሽ ቀን ውያለሁ። አገኘነው። በኋላ መኪናውን ሲሸጥ ገዢው መጀመሪያ የጠየቀው ስለ መሪው ነው።

ስለ ቤንዚንም ልናገር፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የድሮ ሞተሮች እርሳስ ላለው ቤንዚን የተሠሩ ናቸው። እርሳሱ የቫልቭ መቀመጫውን ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ያ ቤንዚን ከዓለም ገበያ ወጥቷል፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2021። ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ብዙ አያሳስብም። ረጅም መንገድ በፍጥነት የሚሄድ ግን ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) በወረደ ጊዜ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ያስገባ። ወጪው አንድ ጊዜ ነው፣ አለቀ። ከእርሳሱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ በቤንዚን ውስጥ የሚደባለቀው ኢታኖል ነው። የድሮውን ጎማ ያለሰልሰዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ቤንዚን በሞቀ ሞተር ላይ ሲንጠባጠብ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ባለቤቱ መንገድ ዳር ቆሞ መኪናው ሲነድ ያያል። የቤንዚን ጎማ ከመኪናው ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ርካሹ ነው። ኢታኖል የሚችለውን ግዙ፣ በጥቂት ዓመት ቀይሩ።

---

ጸጥ_ያለ_ሞተር

ይቅርታ ልግባ። ይህን ሁሉ ጣጣ ለማስቀረት በኤሌክትሪክ ሞተር መቀየርስ?

---

ባለደብተሩ

ይቻላል፣ የሚሠሩም አሉ። በየቀኑ ለመንዳት ለሚፈልግና ቦዲውን ብቻ ለሚወድ ሰው አልቃወምም። ግን ሁለት ነገር እወቅ። ባትሪውና ሥራው ብዙ ጊዜ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ደግሞ ፊቫ የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥንት መኪኖች ፌዴሬሽን ታሪካዊ መኪና የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሆነውን፣ ታሪካዊ ሁኔታውን ጠብቆ የቆየውን፣ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውለውን ነው። ሞተሩ ከወጣ ከዚያ ፍቺ ይወጣል። ከቀየርክ የድሮውን ሞተር አትሽጠው።

እኔ በበኩሌ አልቀይርም። ምክንያቴን ልንገርህ። በየ5000 ኪሎ ሜትሩ የቫልቩን ክፍተት አስተካክላለሁ። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን ስላለበት ጠዋት ማለዳ ነው የምሠራው። የቫልቭ ክዳኑን የያዘውን ሽቦ ወደ ታች እገፋዋለሁ፣ ትንሽ ዘይት በእጄ ላይ ይወርዳል። 0.15 ሚሊ ሜትር የሆነችውን ስስ ብረት በቫልቩና በመግፊያው መካከል አስገባታለሁ። ስስባት ትንሽ መያዝ አለባት። ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ። ከላላች አጠብቃለሁ፣ ካልገባች አላላለሁ። ስምንት ቫልቭ ነው። ሳስነሳት ድምፅዋ ተቀይሮ እሰማዋለሁ። በሕይወቴ ውስጥ እንዲህ በጣቴ ልክነቱን የማውቀው ሌላ ሥራ የለኝም። ያ 340 ሰዓት በደብተሩ ወጪ ውስጥ ያልገባው ለዚህ ነው።

---

ናፍጣ_123

ይህን ነው ማለት የፈለግኩትና ያቃተኝ።

---

አዲስ_ገቢ

ተመልሼ መጣሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼን።

ማግኔት ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ሻጩ ገረመው። በበሮቹ ሥር ጥብቅ አለ፣ በሁለቱም በኩል። የኋላ ጎማ ዙሪያ በግራ በኩል የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ወደቀ። እዚያ ስቱኮ አለ። የፊት ሞላው ማረፊያ ንጹሕ ነው፤ በመብራት አይቼ በካቻቢቴም ነካክቼዋለሁ። ምንጣፉን ሳነሳ ሰውየው ምንም አላለም፣ እንዲያውም አገዘኝ። ወለሉ ላይ ላዩን ዝገት አለ፣ ቀዳዳ ግን የለም። ጎማዎቹ የ2009 ናቸው።

ኮምፕሬሽኑን አንድ ሰው ለካልኝ። 11፣ 11፣ 10.5 እና አራተኛው 7 ነው። ይህ መጥፎ ነው?

---

የጋራዥ_ሽማግሌ

ጎበዝ። አሁን እንደ ገዢ ነው ያየኸው።

7ቱ ከሌሎቹ ስለራቀ ችግር አለ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ሞተር አትክፈት። በአራተኛው ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምርና ድጋሚ ለካ። ቁጥሩ ከተነሳ የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያው ያለው ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ነው ያለቀው፤ ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚሞላው ነው። ካልተነሳ ቫልቭ ነው ወይም ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው፣ ሥራው ከላይ ብቻ ይሆናል። ውጤቱን ጻፍልን።

---

አዲስ_ገቢ

ለካሁት። ከዘይቱ በኋላም 7 ነው፤ ምንም አልተነሳም።

---

የጋራዥ_ሽማግሌ

እንግዲያውስ ቴስታታው ይውረድ። ቫልቮቹ ይመርመሩ፣ ጠንካራ መቀመጫም በዚያው ይግባ። ከታች ያለው ሞተር ደህና ነው። የቴስታታውን ሥራ፣ አራት ጎማ፣ ሙሉ የፍሬን ሲሊንደርና የኋላውን ላሜራ አስገምትና ከዋጋው ላይ እንዲቀነስልህ ጠይቅ። ሻጩ ምንጣፍ ሲያነሳ ያገዘህ ሰው ነው፤ በግልጽ አነጋግረው። ሥራ የምትመላለስበትን ግን ሁለት ወር ሌላ መላ ፈልግለት። ጋራዥ ውስጥ ባለ መኪና ሥራ አይደረስም፤ ቸኩለህ ያሠራኸው ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስከፍልሃል።

---

የአባቴ_124

ኢንሹራንሱን ከመፈረምህ በፊት ፎቶ አንሳው። ዛሬ፣ እንዳለ፣ ሳይሠራ።

---

አዲስ_ገቢ

ተስማምተናል። ካሰብኩት በላይ ቀነሰልኝ፤ ዝርዝሩን ሳሳየው አልተከራከረም። ፎቶ አንስቻለሁ እህቴ፣ 46 ፎቶ። ለሥራ ለጊዜው ከባልደረባዬ ጋር እመላለሳለሁ። ደብተርም ገዝቻለሁ። መጀመሪያው መስመር ላይ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ጻፍኩ።

---

የጋራዥ_ሽማግሌ

ሁለተኛው መስመር ላይ የቤንዚን ጎማ ጻፍ። ሞተሩ ተመልሶ ከመነሳቱ በፊት ይቀየር።